በኩሽና ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ዘንግ

ባለፈው ቅዳሜ ቡና ልንጠጣ ስንሰበሰብ፣ በኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ቀስ እያለ የሚሽከረከረውን ጥቁር ቀጭን ዘንግ አይታችሁ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አላችሁኝ። ማብራራት ጀመርኩ፤ ግን አቦሉ ደረሰና ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። የጀመርኩት ነገር ሳይቋጭ ሲቀር ደስ አይለኝም፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩላችሁ ነው።

ያ ዘንግ የዓሣ ማጥመጃ ነው። ከሱቅ አልገዛሁትም። እዚሁ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ፣ በረዶ ከቤት በማያስወጣባቸው ማታዎች፣ ከሥራ ስመለስ ትንሽ ትንሽ እያልኩ የሠራሁት ነው። የሚሽከረከረውም የተጠመጠመበት ክር ላይ የቀባሁት ኢፖክሲ የሚባል ሙጫ እስኪደርቅ ድረስ ወደ አንድ ጎን እንዳይወርድ ነው።

መጀመሪያ ይህ ዘንግ ከሌላው የዓሣ ዘንግ በምን እንደሚለይ ልንገራችሁ፤ እሱ ካልተጨበጠ የቀረው ሁሉ ትርጉም የለውም። ሐይቅ ዳር ሰዎች በመንጠቆ ሲያጠምዱ አይታችኋል። መንጠቆው ላይ ትል አለ፣ ከትሉ በላይ ትንሽ እርሳስ ታስሯል። ሲወረወር እርሳሱ በክብደቱ ይሄዳል፣ ክሩም ተጎትቶ ይከተለዋል። ይህ ዘንግ በተሠራለት በዝንብ ማጥመድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። መንጠቆው ላይ የታሰረው ከላባና ከክር የተሠራ ሰው ሠራሽ ዝንብ ነው፤ እፍ ቢሉት ይበራል። ዝንቡን ለብቻው ብትወረውሩት እግራችሁ ሥር ይወድቃል። ስለዚህ የሚወረወረው ገመዱ ራሱ ነው። ገመዱ ወፈር ብሎ ክብደት እንዲኖረው ተደርጎ ይሠራል። ዘንጉን ወደ ኋላ ስትወስዱት ገመዱ ከጀርባችሁ አየር ላይ ይዘረጋል። ወደ ፊት ስትመልሱት የተዘረጋው ገመድ በክብደቱ ዘንጉን ያጎብጠዋል፤ እጃችሁ ቀጥ ሲል የጎበጠው ዘንግ ይቃናና ገመዱን ወደ ፊት ይተኩሰዋል። ዝንቡ መጨረሻ ላይ ተከትሎ ሄዶ ውሃው ላይ እንደ እውነተኛ ዝንብ ያርፋል።

ስለዚህ ዘንጉ ሞላ ነው። ሞላ ደግሞ የሚሸከመው ክብደት ካልተመጠነለት አይሠራም፤ ገመዱ ከቀለለ ዘንጉ አይጎብጥም፣ ከከበደ ደግሞ ይዝላል። በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ ቁጥር የሚጻፈው ለዚህ ነው። የእኔ ባለ 5 ቁጥር ነው። ትርጉሙ፣ ከገመዱ ጫፍ የመጀመሪያው 30 ጫማ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ፣ 140 ግሬን ይመዝናል ማለት ነው፤ በእኛ መለኪያ 9 ግራም ያህል። ባለ 3 ቁጥሩ 100 ግሬን ነው፣ ለትንንሽ ጅረቶች ይሆናል። ባለ 8 ቁጥሩ 210 ግሬን ነው፣ ነፋስ ለሚበዛበት ባሕርና ለትልልቅ ዓሣ። ድሮ ገመዱ ከሐር ይፈተል ስለነበር ውፍረቱን በመለካት ብቻ ክብደቱን ማወቅ ይቻል ነበር፤ በፊደልም ይጠሩት ነበር። ናይለንና ፕላስቲክ ሲመጡ ግን እኩል ውፍረት ያላቸው ሁለት ገመዶች ክብደታቸው የተለያየ ሆነ። ያኔ ነው የአሜሪካ የማጥመጃ ዕቃ አምራቾች ማኅበር ገመድን በክብደት የሚመድበውን ይህን የቁጥር ሥርዓት ያወጣው። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ቁጥሩ የዘንጉ ጥንካሬ የሚመስላቸው ብዙ ሰዎች ስላሉ ነው። ቁጥሩ የሚነግራችሁ ዘንጉ ከየትኛው ገመድ ጋር እንደሚስማማ ነው።

ዘንጉ ከምን ይሠራል? እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ሳሙኤል ፊሊፒ የተባለ የፔንስልቬንያ ጠመንጃ ሠሪ ቀርከሃን ሰንጥቆና መልሶ አጣብቆ ዘንግ ይሠራ ነበር። በኋላም የሜይኑ ሃይራም ሌናርድ ባለ ስድስት ስንጥቅ የቀርከሃ ዘንግን በማሽን እየቆረጠ በብዛት ማምረት ቻለ። ስድስቱ ስንጣቂዎች እያንዳንዳቸው ባለ ሦስት ማዕዘን ሆነው ተጠርበው ሲገጠሙ ውስጡ ድፍን የሆነ ባለ ስድስት ጎን ዘንግ ይወጣል። ይህን ሳነብ የእንጅባራ የቀርከሃ ወንበር ሠሪዎች ፊቴ ድቅን አሉብኝ፤ ቀርከሃን መሰንጠቅ ለእኛ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ለዘንግ የሚመረጠው ግን ከቻይናው ጓንግዶንግ ግዛት የሚመጣው ቶንኪን የሚባለው ዓይነት ነው፣ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ቃጫ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ። እ.ኤ.አ. በ1950 አሜሪካ ከቻይና ጋር የነበራትን ንግድ ስትዘጋ ቶንኪኑ መግባቱ ቆመ፤ ያኔ ብቅ ብሎ የነበረው ፋይበርግላስ ገበያውን ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ፌንዊክ የተባለው ኩባንያ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ዘንግ አወጣ። የዛሬው ዘንግ በአብዛኛው እሱ ነው፤ ቀላል፣ ቀጭን፣ ከጎበጠ በኋላም ቶሎ የሚቃና።

የካርቦኑን ዘንግ ራሴ አልሠራሁትም፤ እውነቱን ልንገራችሁ። እሱ በፋብሪካ የሚወጣ ነው። በሙጫ የተነከረ የካርቦን ጨርቅ ወደ ጫፉ እየቀጠነ በሚሄድ የብረት ዘንግ ላይ ይጠቀለላል፣ ከላዩ በፕላስቲክ ጥብጣብ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ ምድጃ ውስጥ ይጋገራል፣ ከዚያ ብረቱ ተስቦ ይወጣል። የቀረው ባዶ ቱቦ "ብላንክ" ይባላል። እኔ የገዛሁት 9 ጫማ ርዝመት ያለው፣ በአራት የሚከፈል ብላንክ ነው። ቡሹን፣ ቀለበቶቹን፣ ክሩንና ኢፖክሲውን ጨምሮ 160 ዶላር ገደማ ፈጀብኝ። ታዋቂ ስም ያለው ተመሳሳይ ዘንግ አንድ ሺህ ዶላር ሊጠየቅበት ይችላል። ግን የገንዘቡ ነገር ዋናው ምክንያቴ አይደለም። ብላንክ እጀታ የለውም፣ ገመዱ የሚያልፍበት ቀለበት የለውም፣ ቀለም የለውም። እጄ የሚነካው ሁሉ፣ ገመዱ የሚነካው ሁሉ በእኔ ውሳኔ ይገጠማል።

የመጀመሪያው ሥራ አከርካሪውን መፈለግ ነው። አዎ፣ ዘንጉ አከርካሪ አለው። ጨርቁ ሲጠቀለል የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ጠርዝ አለ፤ እዚያ ላይ ድርቡ ስለሚበዛ አንዱ ጎን ከሌላው ይጠነክራል። በዓይን አይታይም። ለማግኘት የአንዱን ክፍል ወፍራም ጫፍ ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ አስደግፋችሁ፣ ሌላውን ጫፍ በጣታችሁ ደገፍ አድርጋችሁ፣ መሐሉን በሌላው እጅ ወደ ታች ገፋ እያደረጋችሁ ታንከባልሉታላችሁ። ዘንጉ ዝም ብሎ አይንከባለልም። አንድ ቦታ ሲደርስ ራሱ ዘለል ብሎ ይቀመጣል። መጀመሪያ ሲዘልብኝ እጄ ላይ ሕይወት ያለው ነገር የያዝኩ ነበር የመሰለኝ። ቦታውን በነጭ እርሳስ ምልክት አድርጋችሁ ቀለበቶቹን በዚያ መስመር ታስተካክላላችሁ። አንዳንድ ሠሪዎች ግን አከርካሪውን ትተው ዘንጉን በዓይን እያዩ ቀጥ የሚልበትን አቅጣጫ ይመርጣሉ። እኔም ሁለቱን ከሞከርኩ በኋላ ወደ ቀጥታው አደላለሁ፤ የዛሬ ብላንኮች አከርካሪያቸው ደካማ ነው፣ ጠማማ ዘንግ ግን በያዛችሁት ቁጥር ዓይናችሁን ይወጋል።

ቀጥሎ ቡሹ። የወይን ጠርሙስ የሚዘጋበት ያው ቡሽ ነው፤ የቡሽ ዛፍ ቅርፊት። ከዓለም ምርት ግማሽ ያህሉ የሚገኘው ከፖርቱጋል ነው፤ ዛፉ ሳይቆረጥ ቅርፊቱ ይገፈፋል፣ እንደገና እስኪያድግ ዘጠኝ ዓመት ይጠበቃል። ለእጀታው አሥራ ሦስት የቡሽ ቀለበቶች በማጣበቂያ ደረደርኩና በሞርሳ አጥብቄ አሳደርኳቸው። ከዚያ ትራፓኖ ላይ አስሬ እያሽከረከርኩ በብርጭቆ ወረቀት ቀረጽኳቸው፤ መጀመሪያ በሻካራው፣ መጨረሻ በልሙ። ትራፓኖው በዞረ ቁጥር ጋራዡ በቡሽ ብናኝ ይሞላል፤ አፍንጫችሁን ሸፍኑ። አውራ ጣቴ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ትንሽ ጎድጎድ አደረግኩት። በየአሥር ደቂቃው አቆምና ዓይኔን ጨፍኜ እይዘዋለሁ፤ ዓይን ሲከፈት ቅርጹን ያያል፣ ሲጨፈን ግን እጅ የሚመቸውን ይናገራል። የቡሹን ቀዳዳ ከዘንጉ ውፍረት ጋር ማስማማቱና ገመዱ የሚጠቀለልበት ሪል የሚቀመጥበትን ቦታ በማጣበቂያ መግጠሙ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ከባድ አይደለም፤ ልለፈው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን። ክሩ።

ቀለበቶቹ፣ ገመዱ የሚያልፍባቸው ማለቴ ነው፣ በቡሎንም በብየዳም አይያዙም። ሽቦ ናቸው፤ ሁለት እግር አላቸው፤ እግሮቹ ዘንጉ ላይ በቀጭን የናይለን ክር ይጠመጠማሉ። በቃ፣ የሚይዛቸው ክር ነው። የእያንዳንዱን እግር ጫፍ በሞረድ እንደ ስለት አቀጥነዋለሁ፤ እንዲያ ካልሆነ ክሩ እግሩ ላይ ሊወጣ ሲል ተንሸራቶ ክፍተት ይተዋል። የክሩን ድውር ስኒ ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ ክሩን በወፍራም መጽሐፍ ገጾች መሐል አሳልፋለሁ፣ መጽሐፉ ላይ ሌላ መጽሐፍ እጭናለሁ። የመጽሐፉ ክብደት ክሩን ወጠር አድርጎ ይይዘዋል። ከዚያ የክሩን ጫፍ ዘንጉ ላይ አስተኝቼ በራሱ በክሩ አምስት ስድስት ጊዜ እዞርበታለሁ፤ ጫፉ ከሥር ተቀብሮ ይያዛል፤ ትርፉን በምላጭ ቆርጬ እቀጥላለሁ። ክሩን አላዞርም፤ ዘንጉን ነው የማዞረው። ሊያልቅ ስምንት ዙር ያህል ሲቀረው ሌላ ክር እንደ ማነቆ አጥፌ ከሥሩ አስተኛለሁና ላዩን እየጠመጠምኩ እጨርሳለሁ። ክሩን ቆርጬ ጫፉን በማነቆው ውስጥ አሳልፌ ማነቆውን ስስበው፣ ጫፉ ከጥምጥሙ ሥር ገብቶ ይቀበራል። አንድም ቋጠሮ የለም።

ክሩ ውፍረቱ 0.15 ሚሊሜትር ያህል ነው። አንድ ጥምጥም 1.5 ሳንቲሜትር ቢረዝም መቶ ዙር ማለት ነው። የቀለበቶቹ እግር፣ የክፍሎቹ መገጣጠሚያ ሁሉ ተቆጥሮ በአንድ ዘንግ ላይ ከሃያ በላይ ጥምጥም አለ። ከሁለት ሺህ ዙር በላይ በእጅ! የመገጣጠሚያው ጥምጥም ደግሞ ለጌጥ አይደለም። አንዱ ክፍል ሌላው ውስጥ ሲገባ ቱቦውን ከውስጥ ይገፋዋል፤ ዘንጉ ሲጎብጥ ግፊቱ ይብሳል። ክሩ እንደ በርሜል ብረት ቀለበት ከውጭ ባይዘው ኖሮ የካርቦኑ አፍ ይሰነጠቅ ነበር።

አክስቴ ከጎንደር ልትጠይቀን መጥታ በነበረችበት ሰሞን አንድ ማታ ከጎኔ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዕድሜዋን ሙሉ መሶብና ሙዳይ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት፤ አክርማና ስንደዶ በወስፌ። መነጽሯን አጥልቃ ዝም ብላ ስታየኝ ቆየችና "ይሄማ ስፌት ነው" አለች። ከዚያ ጣቷን ልካ አንዱን ዙር አሳየችኝ። እኔ አላየሁትም ነበር፤ ፀጉር የምታህል ክፍተት። "ጠጋ አድርገው እንጂ ልጄ። ይቺን ትተህ ካለፍክ የሚመጣው ሁሉ እሷን ተከትሎ ይንጋደዳል።" በአውራ ጣቷ ጥፍር ክሩን ገፋ ገፋ አደረገችው። ክፍተቷ ጠፋች። ሠሪዎች ለዚህ ሥራ የሚሸጥ ማለስለሻ መሣሪያ አላቸው፤ እኔ ግን ከዚያ ማታ ወዲህ ጥፍሬን ነው የምጠቀመው። የቀሩትን ቀለበቶች እሷ እያየች ጠመጠምኩ። ሁለቱን ራሷ ጠምጥማለች፤ የትኞቹ እንደሆኑ ለማወቅ ማጉያ አያስፈልጋችሁም፣ ከሁሉ የሚያምሩት ናቸው።

ስለ ክር ቀለም አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጣችሁ። ናይለን ክር ኢፖክሲ ሲነካው ብርሃን ያሳልፋል፣ ይጠቁራልም። ነጭ ክር ከነጭራሹ ይጠፋና ከሥሩ ያለው ጥቁር ካርቦን ይታያል። የመጀመሪያ ዘንጌን በደማቅ አረንጓዴ ጠምጥሜ ኢፖክሲውን ስቀባው ዓይኔ እያየ ወደ ጥቁር አረንጓዴ ተለወጠ። ቀለሙን እንዳለ የሚያቆይ ቅድመ ቅብ ይሸጣል። አሁን ግን ለውጡን አስቀድሜ አስቤ ነው የምመርጠው፤ ወርቃማው ክር የማር ቀለም ይሆናል፣ እሱን የሚያክል አላየሁም።

ኢፖክሲው የሚመጣው በሁለት ጠርሙስ ነው፤ አንዱ ሙጫው፣ ሌላው ማድረቂያው። ሁለቱ እኩል ለእኩል ይደባለቃሉ፤ እኩል ስል በሲሪንጅ ተለክቶ ማለቴ ነው። እኔ በመጀመሪያው ዘንግ በዓይኔ ገምቼ አፈሰስኩና ከሳምንት በኋላም እንደ ማር ይይዝ ነበር። ሙጫውና ማድረቂያው በመጠን ካልተገናኙ፣ የተረፈው አጣማሪ አጥቶ ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ ይቀራል። ያዳነኝ በትክክል የተለካ ሌላ ድርብ ከላዩ መቀባቴ ነው። ሲደባለቅም ቀስ ብሎ ነው፤ በኃይል ከመታችሁት አረፋ ይበዛል። የተደባለቀውን አልሙኒየም ወረቀት ላይ ታፈሱታላችሁ፤ ሲሰፋ ስስ ስለሚሆን አረፋው ራሱ ይወጣል። ክሩ ላይ ከተቀባ በኋላ የቀረውን አረፋ የአልኮል ኩራዝ ነበልባል ከሥሩ በፍጥነት በማሳለፍ ታፈነዱታላችሁ። በፍጥነት ነው ያልኩት፤ ካቆማችሁት ይቃጠላል። ከዚያ ማሽከርከር ነው። ሞተር ከማግኘቴ በፊት ሦስት ሰዓት ሙሉ በየጥቂት ደቂቃው በእጄ አዞር ነበር። አሁን ያያችሁት ሞተር የዶሮ መጥበሻ ማዞሪያ ነበር፤ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። በማግሥቱ ጥምጥሙ እንደ መስታወት ያበራል፣ ክሮቹም ከሥር አንድ በአንድ ይቆጠራሉ።

ለካ አንድ ነገር ዘልያለሁ። ቀለበቶቹ ከመጠምጠማቸው በፊት በጠባብ የወረቀት ፕላስተር ብቻ ተይዘው መፈተን አለባቸው። ክር በሁሉም ውስጥ አሳልፋችሁ ጫፉን የሆነ ነገር ላይ ታስሩና ዘንጉን ዓሣ እንደያዘ ታጎብጡታላችሁ። ክሩ የዘንጉን ጉብጠት ተከትሎ መሄድ አለበት። በሁለት ቀለበቶች መሐል ክሩ ቀጥ ብሎ ከዘንጉ ከራቀ፣ እዚያ ያለው ጉልበት አንድ ነጥብ ላይ ይከማቻል፤ ቀለበቱን ታንቀሳቅሳላችሁ። ዘንጉ ወደ ጫፉ ሲቀጥን ጉብጠቱ ስለሚበዛ ቀለበቶቹም ወደ ጫፉ ይቀራረባሉ፤ ከጫፉ አጠገብ አሥር ሳንቲሜትር ገደማ፣ ወደ እጀታው ሲመጡ ግን ይራራቃሉ።

ይህኛው አራት ቦታ ስለሚከፈል እያንዳንዱ ክፍል ሰባ ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ሆን ብዬ ነው። የዘንጉ የቅርብ ውሃ ዴከርስ አጠገብ ያለው የሳውዝ ፕላት ወንዝ ነው፤ ግን ባሌም ትራውት የሚባለው ዓሣ እንዳለ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ዌብ፣ ደንካና ሻያ ወንዞች ውስጥ። ዓሣው የአገሩ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ ተወስዶ የተለቀቀ ነው፣ ቀዝቃዛና ንጹሕ የደጋ ውሃ ስለሚፈልግ እዚያ ተስማማው። እዚያው ባሌ፣ ዲንሾ አጠገብ ቆሜ ይህን ዘንግ የምወረውርበትን ቀን አስባለሁ። ከእጀታው በላይ፣ ከመጨረሻው የኢፖክሲ ድርብ በፊት፣ በነጭ ቀለምና በቀጭን ብዕር "ዌብ" ብዬ ጽፌበታለሁ። በፊደላችን የተጻፈበት ዘንግ ከዚህ በፊት አይቼ አላውቅም፤ እጄ ሲንቀጠቀጥብኝ ሦስት ጊዜ በአልኮል ጠርጌ እንደገና ጻፍኩት።

ፍላጎቱ ያደረባችሁ ካላችሁ ብላንክ ለመግዛት አትቸኩሉ። ዛሬ ማታ አንድ እርሳስ፣ አንድ ድውር የስፌት ክር፣ አንድ ስኒ፣ ሁለት ወፍራም መጽሐፍ አዘጋጁ። የክሩን ጫፍ እርሳሱ ላይ አስተኙና በራሱ ላይ ዞሩበት። መጀመሪያ ይንሸራተታል፤ መጽሐፉ ላይ ሌላ መጽሐፍ ጨምሩ። ሃምሳ ዙር ደርሳችሁ ማነቆው ላይ ከተቸገራችሁ ደውሉልኝ፤ እስከ እኩለ ሌሊት ነቅቼ ነው የማመሸው።